ምሥራቁ በየት በኩል ነው?

ሆቴል ለመምረጥ ሦስት ሳምንት የፈጀበት ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ እነሆኝ። ቤት ስገዛ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅኩም። ቤት ገዝቼ አላውቅም፤ ግን ብገዛም እንዲህ የምጨነቅ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ እማዬ የቀኝ ጉልበቷን ባንኮክ አስቀየረች። አዲስ አበባ ውስጥ «እገሌ ባንኮክ ሄደ» ሲባል «ሊዝናና ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ምኑን አመመው?» ነው የሚባለው። ከቦሌ በተነሳንበት አውሮፕላን ውስጥም ግማሹ ሰው ኤክስሬይ የያዘ ትልቅ ፖስታ የታቀፈ መስሎኝ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሆነ። አምስት ቀን ተኛች። ከዚያ ናና አካባቢ፣ ከሆስፒታሉ ብዙ የማይርቅ፣ ማብሰያ ያለው አፓርትመንት ተከራየን። ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ረጅም በረራ አይሞክሩ፤ ደም ሊረጋ ይችላል» ስላለ እዚያው ከረምን። ጠዋት ፊዚዮቴራፒ፣ ከሰዓት ጉልበት ላይ በረዶ፣ ማታ ሽሮ። ሽሮው ከቤት የመጣ ነው።

አንድ ቀን የሆስፒታሉን ደረሰኝ ስታገላብጥ ቆይታ መነጽሯን አወለቀች።

«2567 ይላል። ይሄ ዋጋው ነው ዓመቱ?»

ዓመቱ ነው። ታይላንዶች የሚቆጥሩት በቡድሃ ዘመን ነው፤ የፈረንጁን በ543 ዓመት ይቀድማል። እማዬ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ናት። ከእኛው 2017 ጋር ወዲያው አቀናነሰችው። «550 ዓመት! ታዲያ ጉልበቴ ቢያረጅ ምን ይገርማል» አለች።

የሆቴሉን ሐሳብ ያመጣችው ቨርጂኒያ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። «ስድስት ሳምንት መድኃኒት ስታሸት ከርማ በቀጥታ አውሮፕላን ላይ አትወጣም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሌሊቶች ጥሩ ሆቴል አሳድርልኝ። እኔ እከፍላለሁ፣ አንተ ምረጥ» አለችኝ። በቤታችን ታሪክ እኔ እንድመርጥ ሲፈቀድልኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ባንኮክ ውስጥ «ጥሩ ሆቴል» ማለት መርካቶ ውስጥ «ጨርቅ» እንደማለት ነው። የቱ ጨርቅ? ከተማው ውስጥ ሱኩምቪት ላይ አለ፣ ገበያ ማዕከሎቹ መሀል አለ፣ ወንዙ ዳር አለ። እኔ ወንዙን ብዬ ጀመርኩ። ቻው ፕራያ ባንኮክን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተጠማዘዘ ያቋርጣታል፤ የድሮዎቹም የአዲሶቹም ታላላቅ ሆቴሎች እሱ ዳር ተደርድረዋል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ሕንፃ ከሚያሳይ መስኮት ጋር ለኖረች ሴት ውኃ ማየት አይከፋም አልኩ።

እህቴ የመጀመሪያውን ሊንክ የላከችው በእኛ ሌሊት ነው። ካፔላ ባንኮክ። እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተ፣ 101 ክፍል ብቻ ያለው፣ በ2024 ደግሞ «የዓለም 50 ምርጥ ሆቴሎች» በሚባለው ዝርዝር አንደኛ የወጣ። «ከዓለም አንደኛ!!!» ብላ ጽፋለች፣ ከነሦስት ቃለ አጋኖው። ጠዋት ዋጋውን አይቼ ላኩላት። ትንሽ ቆይታ «ሁለተኛውስ?» አለች። ሁለተኛው ጣሊያን ነው።

ስለ ዋጋ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ታይላንድ ውስጥ የሆቴል ዋጋ ሲነገራችሁ ከቁጥሩ ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ ቁጥሩን አትመኑት። አንዱ ምልክት 10 በመቶ ሰርቪስ ነው፣ ሌላው 7 በመቶ ቫት። ቫቱ የሚሰላው ደግሞ ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ነው። ስለዚህ 20,000 ባት++ ማለት 23,540 ባት ማለት ነው። ይሄን እማዬ ናት በጭንቅላቷ የሠራችው፤ እኔ 23,400 ብዬ ነበር። በሦስት ሌሊት የሚመጣው ልዩነት የአፓርትመንታችንን የሳምንት ኪራይ ሊያክል ምንም አልቀረውም። በብር ስንት እንደሚሆን አትጠይቁኝ። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ውጭ አገር ሆኜ ዋጋን በብር ማሰብ ትቻለሁ፤ ለጤና ጥሩ አይደለም።

ከዋጋው ቀጥሎ የካርዱ ጣጣ አለ። የደረሰብኝ ስለሆነ ላውራው። ባንኮክ እንደገባን፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ሁለት ሌሊት ያረፍነው አንድ ሆቴል ነበር፤ ስሙን አልጠራም። እህቴ በኢንተርኔት ከፍላ ጨርሳለች። እኛ ወረቀቱን ይዘን ሪሴፕሽን ቆምን።

«የተከፈለበትን ካርድ ያሳዩን።»

«ካርዱ ቨርጂኒያ ነው።»

«እናስ?»

እናስማ ምን ልበላቸው። ለማጭበርበር መከላከያ ነው አሉ። ዲፖዚትም በካርድ ብቻ ነው አሉ። እኔ የያዝኩት ከአዲስ አበባ ባንክ የወሰድኩትን፣ ለሕክምና የተፈቀደልኝ ዶላር የተሞላበትን ካርድ ነው፤ እሱን ለዲፖዚት ካሳገድኩት የሆስፒታል ገንዘቤ ታገደ ማለት ነው። ቨርጂኒያ ሌሊት ነው፤ እህቴ ስልክ አታነሳም። እማዬ ያንን ጉልበቷን ይዛ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ጠበቀች። በመጨረሻ እህቴ ተነሥታ ፎርም ሞልታ ፈርማ ላከች። እማዬ ያኔ ምንም አልተናገረችም። ማታ ግን «ሻንጣው ጠንካራ ነው፤ ከሎቢያቸው ወንበር ይሻላል» አለች።

ከዚያ በኋላ ለማንኛውም ሆቴል የምጽፈው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቁርሳችሁ እንዴት ነው?» መሆኑ ቀርቶ «የሌላ ሰው ካርድ ትቀበላላችሁ? ፎርሙን ዛሬውኑ ላኩልኝ» ሆነ። ከውጭ ዘመድ የሚከፈልለት አበሻ ሁሉ ይሄን ይያዝ።

አሁን ወደ ልቤ ልግባ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ገና ከመጀመሪያው አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ ማንዳሪን ኦሬንታል። ባንኮክ ውስጥ ማንም በሙሉ ስሙ አይጠራውም፣ ኦሬንታል ነው የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1876 የተቆረቆረ ነው። ከኛ ጣይቱ ሆቴል በሠላሳ ዓመት ግድም ይቀድማል። አሁንም የቆመው ነጩ አሮጌ ሕንፃ በ1887 የተከፈተ ነው። ሶመርሴት ሞም የሚባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1923 ወባ ይዞት እዚያ ተኝቶ ነበር። በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ የሆቴሉ ኃላፊ ሴትዮ ለሐኪሙ «እዚህ ሞቶ ችግር እንዳያመጣብኝ» ስትል መስማቱን በኋላ ጽፎታል። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ወሬ ያለው ቤት እወዳለሁ። ወባ የታመመበት ሆቴል! አዋሽ ሰባት ማደሪያ እንጂ የዓለም ዝነኛ ሆቴል አይመስልም።

ወረቀት ላይ ብቻ አልመርጥም ብዬ አንድ ቀን እማዬ ፊዚዮቴራፒ ላይ እያለች ሄድኩ። ናና ላይ ባቡሩን ይዤ፣ ሲያም ላይ ቀይሬ፣ ሳፓን ታክሲን ወረድኩ። ከጣቢያው በደረጃ ሲወርዱ ሳቶን ወደብ አለ። ያ ወደብ የጀልባ መናኸሪያ ነው ማለት ይቻላል። የሕዝቡ ጀልባ በጥሩምባና በፉጨት ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። ከጎኑ ደግሞ የየሆቴሉ ጀልባ እንግዳውን በነጻ ያመላልሳል። ታክሲ ተራ ላይ «ቦሌ፣ ቦሌ» እንደሚሉት እዚያ ሰዎቹ የሆቴላቸውን ስም የያዘ ምልክት ይዘው ዝም ብለው ፈገግ ይላሉ።

ሻንግሪላ እዚያው ወደቡ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተ ትልቅ ሆቴል። ጀልባ አያስፈልግም፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል። ልብ ያለው ሰው እዚያ ላይ ይጨርስ ነበር። እኔ ግን ገና ኦሬንታልን ሳላይ ምን ቆርጦኝ።

ኦሬንታል በአለባበስ ጥብቅ መሆኑን አንብቤያለሁ። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ሰርግ የገዛሁትን የቆዳ ጫማ አድርጌ፣ በዚያ ሙቀት ካልሲ ለብሼ ሄድኩ። ጀልባው ላይ እንዳለሁ እግሬ ተቀቀለ። ግን የደራሲያን ሳሎን በሚሉት ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ሁሉም ተረሳኝ። ጣሪያው መስታወት ነው። ብርሃኑ ተጣርቶ ነው የሚወርደው። ወንበሩ ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ከፊት ለፊት ነጭ መወጣጫ ደረጃ። ሻይ አዘዝኩ። ያመጣችልኝ ልጅ ጠረጴዛው ከፍታ ድረስ ዝቅ ብላ ነው ያስቀመጠችው። አንድ ሻይ በሁለት ሰዓት ጠጣሁ። በሆዴ «አለቀ፣ እዚህ ነው» ብዬ ጨርሻለሁ።

ለይስሙላ ያህል የመጨረሻውን ልየው ብዬ ተሻገርኩ። ፔኒንሱላ ከኦሬንታል ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ቶንቡሪ በሚባለው በኩል ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ሸራተን አዲስ በተከፈተበት ዓመት። ከታች ሆኖ ሲታይ እንደ ተጣጠፈ ወረቀት ወጣ ገባ እያለ ወደ ላይ የሚሄድ ረጅም ሕንፃ ነው። እንዲህ የተጣጠፈው ሁሉም ክፍል ወንዙን እንዲያይ ነው። 370 ክፍል፣ ሁሉም ወንዝ የሚያይ። አሮጌ ወሬ የለውም። ደራሲ ወባ አልታመመበትም። ለእኔ ዓይን አልሞላም።

ነገር ግን የመጣሁት ለጉልበት ነውና ጉልበት ጉልበቱን ማየት ጀመርኩ። ከጀልባው ወደ ተንሳፋፊው መቆሚያ ስንት ጣት ከፍታ አለ? ከመቆሚያው ወደ ግቢው የሚወስደው መወጣጫ ምን ያህል ያዘነብላል? እዚህ ላይ አንድ የማላውቀው ነገር ተማርኩ። ቻው ፕራያ ባንኮክ ላይ የባሕሩ መሙላትና መጉደል ይደርሰዋል። ውኃው በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። መቆሚያው አብሮ ስለሚወርድ፣ ጠዋት ሜዳ የነበረው መወጣጫ ከሰዓት ዳገት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጀልባ የሚያስሩትን ልጆች በምልክት ስጠይቅ አንዱ እጁን አጋድሎ አሳየኝ፣ ከዚያ ጡንቻውን መታ መታ አደረገ። እኛ አለን ማለቱ ነው።

እንግዲህ ሦስቱንም ኢሜይል ጻፍኩላቸው። አንድ ዓይነት ጥያቄ። ገንዳው ውስጥ ሳይገባ ቆሞ መታጠቢያ አለ? መግቢያው ላይ የሚያደናቅፍ ከፍታ አለ? የሚቀመጡበት የፕላስቲክ ወንበር ይገኛል? የፍስክ ያልነካው ምግብ አላችሁ? ካርዱስ? የእብነ በረድ ገንዳ የሆቴሎች ሁሉ ኩራት ነው፣ ፎቶው ላይ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። አዲስ ጉልበት ላለው ሰው ግን ገንዳ ማለት አጥር ማለት ነው። የሦስቱም መልስ ጨዋ ነበር። ሦስቱም «ይቻላል» አሉ። ማለትም ምንም አልረዱኝም፤ እንደገና ልቤ ኦሬንታል ሄደ።

የሰው አስተያየት ማንበብም ጀምሬ ነበር። አይረባም። አንዱ ማንጎው በደንብ አልበሰለም ብሎ ሁለት ኮከብ ይቀንሳል። ሌላዋ ሠራተኞቹ ሰላምታ ያበዛሉ ብላ ትማረራለች። ሰው ሲደላው ቅሬታው ይረቃል።

ማታ ለእማዬ ፎቶዎቹን አሳየኋት። ኦሬንታልን መጀመሪያ አደረግኩ፣ ወሬውንም ከነወባው አጣፍጬ። ሞባይሉን ራቅ አድርጋ ያዘችና በጸጥታ አየች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ምሥራቁ በየት በኩል ነው?»

ሦስት ሳምንት! ዋጋ፣ ካርድ፣ ገንዳ፣ መወጣጫ፣ የደራሲ ወባ ሳጠና ይቺን ጥያቄ አላሰብኳትም። አፓርትመንታችን ውስጥ ምሥራቁ ፍሪጁ ነበር። የመጀመሪያ ቀን በስልኬ ኮምፓስ አግኝቼ ያሳየኋት እኔው ነኝ። ማርያምን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጥፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ንጋት ላይ ፍሪጅ ፊት ቆማ ጸለየች። ሞተሩ ሲነሳ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። አንድም ቀን አላማረረችም። እኔም ለምጄው ነገሩ መታየቱ ቀርቶ ነበር።

ካርታውን ከፈትኩ። ኦሬንታል በወንዙ ምሥራቅ ዳር ነው ያለው። ወንዝ የሚያየው መስኮቱ ሁሉ ወደ ምዕራብ ነው። ሻንግሪላም እንደዚያው። ለዚህ ነው ማታ ሰው ሁሉ ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት እነሱ በረንዳ ላይ የሚሰበሰበው። ፔኒንሱላ ደግሞ ከማዶ፣ ከምዕራብ ዳር። ሁሉም ክፍል ወንዙን ያያል፤ ወንዙን ያያል ማለት ወደ ምሥራቅ ያያል ማለት ነው። 370 ክፍል፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ።

«ይሄኛው» አልኳት፤ ድምፄ ትንሽ ሳይከፋው አልቀረም።

«ወባ የሌለበት?»

«ወባ የሌለበት።»

ታኅሣሥ 9 ገባን። በታክሲ፣ «ታክሲን» በሚባለው ድልድይ ተሻግረን ነው የሄድነው፤ ጀልባውን ለመጀመሪያ ቀን አልደፈርኩም። በር ላይ ነጭ የለበሰው ልጅ እጆቹን ደረቱ ላይ አጋጥሞ ዝቅ አለና «ኩን ሜ» አላት። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኩን አክብሮት ነው፣ ሜ እናት ማለት ነው። «እናቴ ነው የሚለኝ?» አለች። ተመለሰችና በአማርኛ «ልጄ፣ ተባረክ» አለችው። እሱም «ክራብ» አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለቱም በየቋንቋቸው እየተነጋገሩ፣ እኔ ሻንጣ ተሸካሚ ሆንኩ።

ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱን ነው ያየሁት። ገንዳው አለ፣ ትልቅ ነው። ከጎኑ ለብቻው ቆሞ መታጠቢያ አለ። በዚያ ሁሉ እብነ በረድ መሀል አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርጩማ ተቀምጧል። ሰው ሄዶ ከገበያ እንደገዛው ያስታውቃል፤ ከእግሩ ሥር የዋጋው ወረቀት አልተነሳም። 370 ክፍል ባለው ሆቴል ውስጥ ደስ ያለኝ ነገር ያ በርጩማ ነው። እማዬን ያስደነገጣት ግን ከገንዳው በላይ ያለው ቴሌቪዥን ነው። «ሰው እዚህም ዜና ያያል?» ብላ በፎጣ ሸፈነችው። ሦስቱንም ቀን ተሸፍኖ ዋለ።

ጾመ ነቢያት ነበር። መድኃኒት ስላለባት የንስሐ አባቷ በጠዋት እንድትቀምስ ፈቅደውላታል፤ ግን የጾም ብቻ። እኔ ባንኮክ ውስጥ ካገኘኋት ቃል ሁሉ የምትጠቅመዋን እዚህ ልስጣችሁ። «ጄ» በሉ። «ሥጋ አልበላም» ካላችሁ እንቁላልና ዓሣ መረቅ ሊገባባችሁ ይችላል። «ጄ» ስትሉ ግን ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ የዓሣ መረቅ እንኳ የለ። ከቻይና የመጣ የእነሱ ጾም ነው። ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርትም አይገባበትም። ይሄን ስነግራት እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሽንኩርትም? ታዲያ ወጡን በምን ይሠሩታል?» ከዚያ በኋላ አስተናጋጆቹን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረች፤ የገዳም ሰዎች እንደሆኑ ሁሉ።

ቁርስ የሌለበትን ዋጋ መግዛቴን ደግሞ እስካሁን እንደ ትልቅ ብልጠት ነው የምቆጥረው። ያንን ሁሉ ቡፌ ከፍዬበት እሷ ፓፓያና ነጭ የሩዝ ገንፎ ስትበላ ባይ ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጀልባውን ሞከርን። ውኃው ወርዶ መወጣጫው ዳገት ሆኗል። ሁለቱ ልጆች ከግራና ከቀኝ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸውን በእርጋታ ገፋ አድርጋ ብረቱን ያዘች። «በጎው እግር ወደ ላይ፣ መጥፎው ወደ ታች» እያለች፣ ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳስተማረቻት፣ እየቆጠረች ወረደች። ልጆቹ አልነኳትም። ግን እጃቸውን ከወገቧ ስንዝር ያህል አርቀው ዘርግተው፣ አብረዋት ደረጃ በደረጃ ወረዱ። እንዲህ ዓይነት መስተንግዶ ከየትኛው ኮከብ ውስጥ እንደሚቆጠር አላውቅም። ጀልባው ውስጥ ስትቀመጥ ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። አሸዋ የጫኑ መርከቦች፣ አራትና አምስት ሆነው በአንድ ትንሽ ጎታች እየተሳቡ፣ ከፊታችን አለፉ። «ትንሹ ነው የሚጎትታቸው» አለች ለራሷ።

የመጨረሻው ቀን 12 ነበር፣ ሚካኤል። ማታ ነው የምንበረው። ገና ሳይነጋ ድምጿን ሰምቼ ነቃሁ። መጋረጃው እስከ ዳር ተከፍቷል። ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፤ ምርኩዙ ግድግዳው ጋ ተደግፏል፣ እሷ የወንበር ጀርባ ይዛለች። የሚነሳ ሞተር የለም። ድምጿ ዝግ ያለ ነው። ከታች ወንዙ ገና ጥቁር ነው፤ ከማዶ የከተማው መብራት አንድ በአንድ ይጠፋል። አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከስቴት ታወር፣ ወርቃማ ጉልላት ካለው ሕንፃ ጎን፣ ፀሐይ ብቅ አለች። በዓይኗ መጣችባት። ፊቷን አላዞረችም፤ ጨፍና ጨረሰች።

ከዚያ ተቀመጠችና ጉልበቷን እያሻሸች ማዶውን ማየት ጀመረች። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች መሀል ዛፍ የከበበው አንድ አጭር ነጭ ቤት አለ።

«ያቺ የማን ቤት ናት?»

«እሷ ናት ኦሬንታል። ልወስድሽ የነበረው።»

ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሻይ አላቸው?»

«አላቸው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ያንን የሰርግ ጫማህን አድርግና ውሰደኝ» አለች። ምርኩዟን ልታነሳ እጇን ዘረጋችና ቆም አለች። «ሻይ ብቻ ነው ግን። ኬካቸው የፍስክ ነው።»